ጉንፋን የወለድኩ ጊዜ

በእኛ ጊዜ ጉንፋን በሽታ አይባልም ነበር። እውነቴን ነው፣ ምን ያስቅሻል ሀዊ? ዛሬ አንቺ ትንሽ ብታስነጥሺ "እትዬ ብርቄ፣ ምን ልጠጣ፣ ቤት ምን ላዘጋጅ?" ብለሽ ጓደኞችሽን አስከትለሽ መጣሽ። ደግ አደረግሽ። ግን እዚያ በሩ አጠገብ ተቀመጪ። አዎ፣ እዚያው። አትቀየሚኝ፣ ለምን እንደምልሽ አሁን ትሰሚያለሽ። በእኛ ጊዜ ታዲያ ሰው ጉንፋን ያዘኝ ቢል "እና ምን ይሁን?" ነው የሚባለው። እናቴ፣ ነፍሷን ይማርና፣ አፍንጫው የሚፈስ ልጅ ስታይ "ሂድ ውሃ ቅዳ፣ ይለቅሃል" ትል ነበር። እና ውሃ እየቀዳን ይለቀን ነበር። ያልለቀቀውም ለምዶት ይኖራል።

እኔ የምነግራችሁ ግን የቅርቡን ነው። ያ ሁላችን አፋችንን ሸፍነን የዞርንበት ዘመን ካለፈ በኋላ ነው። ዝናቡ አባርቶ፣ ቡናው መቅላት ሲጀምር፣ ጉንፋን እዚህ መቱ ከተማችን ገባ። እና የዚያን ዓመቱ ጉንፋን፣ ልጆች፣ ውሃ ቅዳ የሚባል አልነበረም፤ ሰው ይጥላል።

ታዲያ እኔ ያኔ ገበያ በርበሬና ቅመም እሸጥ ነበር። እስቲ አስቡት፣ በርበሬ ተራ ውስጥ ማን ሲያስነጥስ ማን ልብ ይላል? ገዢው ያስነጥሳል፣ ሻጩ ያስነጥሳል፣ ዝም ብሎ አላፊውም ያስነጥሳል። እና እኔ ጉንፋኑ ይዞኝ፣ ዓይኔ እያለቀሰ፣ አፍንጫዬ እየፈሰሰ "የዘንድሮ በርበሬ ኃይለኛ ነው" እላለሁ! ለደንበኞቼም "እዩት፣ ስንት ዓመት የሸጥኩትን እኔን እንኳ እንዴት እንዳደረገኝ!" እያልኩ ሸጥኩበት። ኧረ ተዉኝ! ያን ቀን በርበሬዬ ተሻምቶ አለቀ። ታዲያ ቤቴ ስደርስ ባሌ ደምሴ ግንባሬን ነካ አደረገና ምን ቢለኝ ጥሩ ነው?

"አንቺ ብርቄ፣ በርበሬ ያተኩሳል እንዴ?"

ተኛሁ። መተኛት ብቻ አይደለም፣ ወደቅኩ። አጥንቴ ሁሉ ተለቃቅሞ የወጣ መሰለኝ። ደምሴ ሄዶ ጫልቱን ጠራት። ጫልቱ የሰፈራችን ጤና ሠራተኛ ናት፤ ቀጭን፣ ፈጣን፣ ስትናገር እጇን እንዲህ እንዲህ የምታደርግ። ደረቴን አዳመጠች፣ ትኩሳቴን ለካች።

"እማማ ብርቄ፣ ይሄ የወቅቱ ጉንፋን ነው፣ ቫይረስ ነው። መርፌ አይፈልግም።"

"እንክብልስ ልግዛላት?" አለ ደምሴ። ልቡ ፋርማሲ ሄዷል።

"ለዚህ እንክብሉ አይሆንም ጋሼ ደምሴ። ለትኩሳቱ ይቺን ትውሰድ። ትተኛ፣ ትኩስ ነገር ቶሎ ቶሎ ትጠጣ፣ መስኮቱ ይከፈት። መተንፈስ ካስቸገራት ወይ ደረቷን ከወጋት ግን ዛሬ ነገ ሳትሉ ሆስፒታል። እና ደግሞ ሰው አይብዛባት።"

ይሄን ሁሉ ስትል እኔ የማስበው ሌላ ነው። እግዜር የሰጠኝ አንዲት ልጅ ሰናይት ናት፣ ታውቋታላችሁ። ከመቱ ወጣ ብላ ሁሩሙ ከተማ ለገመቹ ተድራ፣ ስንት ዓመት ልጅ ስትጠብቅ፣ እኔም ስንት ዓመት ደጅ ስጠና፣ ያኔ ፀንሳ መውለጃዋ ተቃርቦ ነበር። የመጀመሪያ ልጅ ደግሞ እናት ቤት ነው የሚታረሰው፣ ወጋችን ነው። ገብሱ ተፈጭቷል፣ ቅቤው ተነጥሯል፣ ማሩ ከያዮ መጥቷል፣ እሷ ልትመጣ ቀን ነው የቀራት። እና ጫልቱን "ሰናይትስ?" አልኳት።

እጇን ዝቅ አደረገች። "እማማ፣ ትኩሳቱ ለቅቆዎት፣ ሳሉም እስኪተውዎት አጠገብዎ አትደርስም። እርጉዝና ጨቅላ ላይ ይሄ ጉንፋን ይበረታል። እንዲህ ሰው የሚጎርፍበት ቤት ከሆነማ ጭራሽ አይሆንም።"

ልቤ ስንጥቅ አለ። ለገመቹ ስልክ ተደወለ፣ እናቱ ተቀበለችው። ደግ ሴት ናት፣ አልዋሽም። "ምን ችግር አለ ብርቄ፣ አንቺ ታመሽ የለ? እዚሁ ሁሩሙ ትረስ፣ እኔስ እናቷ አይደለሁም?" አለች። እውነቷን ነው። ግን ስልኩን ዘግቼ እንደ ሕፃን አለቀስኩ። "በርትቼ ልድን፣ ቤቴንም ላጽዳ፣ ሌላ ምንም አልጠይቅህም" አልኩት እግዜርን።

እና አሁን ጉዱን ስሙ። ለመዳን መተኛት ያስፈልጋል፣ አይደል? ብርቄ ታመመች ሲባል ግን ማን ያስተኛኛል! ዕድሩ መጣ፣ ማኅበሩ መጣ፣ በርበሬ ተራ በሙሉ መጣ። ጫልቱ ደምሴን በር ላይ ቁም ብላው ነበር፣ "ሰው እንዳይገባ" ብላ። ማንን? ደምሴን! ዕድሜ ልኩን ሚኒባስ ነድቶ አንድ ቀን "ሞልቷል" ብሎ የማያውቅ ሰው! ሰው በሰው ላይ ይጭናል እንጂ መንገደኛ ትቶ አይሄድም። እና አልጋዬ ላይ ሆኜ እሰማዋለሁ፦

"ወይ እንግዲህ፣ ሰው አይግባ ተብሏል..."

"እህ፣ እንመለስ?"

"ኧረ ምን ማለታችሁ ነው! ግቡ፣ ግቡ! ጠጋ ጠጋ በሉ፣ ቦታ አለ።"

ጠጋ ጠጋ በሉ ይላል እንደ ሚኒባሱ! አልጋዬ ላይ ሳይቀር ተቀመጡብኝ። እና ሁሉም መድኃኒት ይዞ ነው የመጣው። አንዷ ነጭ ሽንኩርት ደቁሳ አፍንጫዬ ሥር ትይዛለች፣ አንዷ ዳማከሴ ጨምቃ "አፍሽን ክፈቺ" ትላለች፣ አንዱ ከኮቱ ሥር ካቲካላ አውጥቶ "በማር አድርጋችሁ ስጧት፣ ላብ በላብ ነው የሚያደርጋት" ይላል። "ዳማከሴው ይቅደም!" "የለም፣ ሽንኩርቱ ነው!" እኔ መሐላቸው ሆኜ እሳል፣ እነሱ በእኔ ጉሮሮ ይከራከራሉ። የዕድራችን ሰብሳቢ እትዬ አልጋነሽ ደግሞ ፊቴን በሁለት እጇ ይዛ፣ አገላብጣ ሳመችኝ።

"ኧረ እትዬ፣ እንዳይዝዎት!" አልኳት።

"እኔን? እኔን ጉንፋን አይደፍረኝም!"

ደፈራት። ሳምንት ሳይሞላ ደፈራት። ባለሽንኩርቷንም፣ ባለካቲካላውንም ጣላቸው። እና ሰዉ ምን አደረገ? እነሱን ጠይቆ ወደኔ፣ እኔን ጠይቆ ወደነሱ! ጉንፋኑ እግር አበጀ በሉት። ጫልቱ መጥታ ቤቱ ጢም ብሎ ስታይ ጭንቅላቷን ይዛ "ዋቀዮ!" አለች፣ አምላኬ ማለቷ ነው። "እማማ ብርቄ፣ እንዲህ ከሆነ ሰናይትን ይርሷት።"

እና ምን ላድርግ? በሽተኛ ሊጠይቅ የመጣን ሰው ከደጅ መልሰሽ የት ትኖሪያለሽ? "ብርቄ በር ዘጋችብን" ይባላል፣ እኔ ሞቼ እንኳ ይባላል። የማን ለቅሶ ላይ ልቀመጥ? የማን ሠርግ ልጠራ? እና እንዲህ ሆኜ ስብሰለሰል ዘይነባ መጣች። ዘይነባ የአጥር ጎረቤቴ ናት፣ ባሏ የስልጤ ሰው ነው፣ ያ ጨርቅ ሱቅ ያለው። እሷ አልገባችም። በሩ ላይ ቆማ በሻሿ አፏን ሸፍና ነው ያናገረችኝ።

"ብርቄ፣ በሽተኛ መጠየቅ በእናንተም በእኛም ግዴታ ነው። በሽተኛ ጋ አትግቡ ብትያቸው አይሰሙሽም።"

"እሱንማ አየሁት።"

"ግን አራስ ጋ ማን ዘው ብሎ ይገባል?"

"ማንም አይገባም። ከመንገድ የመጣ ሰው ላቡ እስኪደርቅ ውጭ ያርፋል።"

"አስጨንቀው ይስሟታል?"

"ኧረ በስመ አብ! አራስ?"

"በቃ አራስ ትሆኛለሽ።"

"ዘይነባ! በዚህ ሽበቴ?"

"በስተርጅና የወለደ ሰው የለም? ተኚ ዝም ብለሽ!"

ሳቄ መጣ፣ ሳቁ ሳል ሆነ፣ ሳሉ ደግሞ መልሶ ሳቅ ሆነ። ታዲያ ዘይነባ ስትነሳ ለማንም አትመለስም። ያ በዚህ በኩል ያለው መስኮት ክረምቱን ዝናብ እንዳያስገባ በሚስማር ተመትቶ ነበር፤ ደምሴን ሚስማሩን አስነቀለችው። ብርሃን ገባ፣ ንፋስ ገባ፣ እኔም ከዚያ ሁሉ ቀን በኋላ ያን ጊዜ ነው ትንፋሽ ያገኘሁ። ከመስኮቱ ራቅ አድርጋ አቮካዶው ሥር አግዳሚ አስቀመጠች። ደምሴንም አስጠናችው። እና ደምሴ "አትግቡ" ማለት አይችልም እንጂ ይሄንንማ እንዴት አምሮበት መሰላችሁ! በሩ ላይ ቆሞ፣ ኮስተር ብሎ፦

"ቤቱ አራስ ቤት ነው። አልተከለከላችሁም። ላባችሁ እስኪደርቅ እዚያ አቮካዶው ሥር ዐረፍ በሉ።"

እና ላባቸው አይደርቅማ! ማን ያደርቀዋል? ዘይነባ ነቅታ ትጠብቃለች። አንዱ ሊነሳ ሲል "አሁንም አንገትህ ላይ አያለሁ፣ ተቀመጥ" ትለዋለች። እዚያው አግዳሚው ላይ ሆነው በመስኮቱ ይጠይቁኛል፣ እኔም አልጋዬ ላይ ሆኜ እጄን አወዛውዝላቸዋለሁ፣ ትንሽ ይጫወቱና ይሄዳሉ። አንድም የተቀየመ የለም! እንዲያውም ወሬው ገበያውን ሞላው።

"ብርቄ ወለደች አሉ!"

"ውይ! ምን?"

"ጉንፋን!"

አንዷ ደግሞ ከአግዳሚው ላይ ጮክ ብላ "እልልታው ለወንድ ሰባት፣ ለሴት ሦስት፤ ለጉንፋን ስንት ነው?" አለች። ሰው ሁሉ በሳቅ ፈረሰ። ወሬው በሚኒባስ ሁሩሙ ደርሶ የገመቹ እናት ደውላ "ኧረ ብርቄ፣ ልጅሽን ቀደምሻት እንዴ?" አለችኝ። ስቄ ልሞት ነበር።

እና ተኛሁ። ሀዊ፣ ምን ላዘጋጅ ብለሽ አልነበር? ይኸው ስሚ። ዝንጅብል በማር ጠጣሁ፣ አጥሚት ጠጣሁ፣ ሾርባ ጠጣሁ፣ ዘይነባ በፔርሙስ እየሞላች በሩ ላይ ታኖርልኛለች። ደስ ይላል፣ ጉሮሮ ያለሰልሳል። ግን እሱ አይደለም ያዳነኝ፤ እንቅልፍ ነው ያዳነኝ። ሰው ሳይቀሰቅሰኝ፣ አፍንጫዬ ላይ ሽንኩርት ሳይያዝብኝ፣ ንጹሕ አየር እየነፈሰብኝ ተኛሁ። ከነጠላ አሮጌ እየቀደድኩ ስስል አፌን የምይዝበት አደረግኩ፤ ደምሴ ጨርቁንም አንሶላውንም ቀቅሎ ፀሐይ ላይ ያሰጣል። ደምሴ አንሶላ ሲያጥብ ያየ ሰፈር ከጉንፋኑ በላይ ተገረመ። ትኩሳቱ ለቀቀኝ። ሳሉ ግን ቀረ፣ ሳል ይሉት ነገር የማይሄድ እንግዳ ነው።

ታዲያ እንዲህ እያልን፣ አንድ ቀን ረፋዱ ላይ አግዳሚው ሞልቷል፣ ጨዋታው ደርቷል፣ የደምሴ ስልክ ጮኸ። ገመቹ ነው። "ምጡ ቀድሞ መጣ፣ እዚህ መቱ ሆስፒታል ገብተናል" አለ። ቀኗ አልደረሰም ብለን እኮ ነው! ተነሳሁ፣ ጫማዬን ፈለግኩ። ደምሴ በሩ ላይ ቆመ። እና ያ ሰው፣ ሞልቷል ብሎ የማያውቀው ሰው፣ ዓይኑ እንባ ሞልቶ "ብርቄ፣ አትሄጂም" አለኝ። አልሄድኩም። ልጄ እያማጠች፣ ሆስፒታሉ እግሬ ሥር ሆኖ፣ አልሄድኩም። ከሕይወቴ እንደዚያ የከበደኝ ነገር የለም። መስኮቱ ላይ ቆሜ ስጸልይ፣ አግዳሚው ላይ ክርስቲያኑም እስላሙም፣ አማርኛውም ኦሮምኛውም አንድ ላይ ይጸልያል። እትዬ አልጋነሽም ከጉንፋኗ ተነስታ ነጠላዋን አፏ ድረስ ተከናንባ ከአግዳሚው ጫፍ ነበረች።

ስልኩ ሲጮህ ደምሴ መያዝ አቃተው፣ ዘይነባ ነጠቀችው። "ገላገላት! ሴት ናት! ሁለቱም ደህና ናቸው!" እና እኔ እልልታዬን ልለቀው አፌን ስከፍት ምን ወጣ? ሳል! ኡህ ኡህ ኡህ! አግዳሚው ላይ ያሉት ተቀብለው እልልልል አሉልኝ። ሦስት መሆን ነበረበት፤ ማን ይቆጥራል፣ የሰባቱንም አለፉት።

ከዚያ ነገሩ መጣ። ከሆስፒታል ወጥታ ወዴት ትሂድ? ሁሩሙ ወይስ እኔ ቤት? ጫልቱ መጣች። መስኮቱን አየች፣ አንሶላውን አሸተተች፣ አግዳሚውን አየች፣ ደረቴን አዳመጠች። እኔ ፍርድ ቤት የቆምኩ ያህል ነው የምጠብቃት።

"ትኩሳቱ ከለቀቀዎት ቆይቷል፣ ቤቱም ጸድቷል። ትምጣ" አለች። ዘልዬ ላቅፋት ስል እጇን ዘረጋች። "ቆይ! ሳሉ እስኪተውዎት እርስዎ ማድ ቤት ነው የሚተኙት። አፍዎን ይሸፍናሉ። ልጅቷን አይዙም። ገንፎውንም ሌላ ሰው ያገንፋ።"

"ቶሌ" አልኳት፣ እሺ ማለት ነው። ሌላ ምን እላለሁ? ልጄ ቤቴ ልትገባ ነው፤ ማድ ቤት ቀርቶ ዶሮ ቤት ተኚ ብትለኝም እተኛለሁ።

እና ሰናይት ገባች። እኔ በገዛ ቤቴ ስደተኛ! የገመቹ እናት ልትረዳ መጥታ እሷ ውስጥ፣ እኔ ውጭ። ቅናቱ፣ አልዋሻችሁም፣ ከሳሉ ይልቅ ጉሮሮዬን ያዘው። ዘይነባ ገንፎ ስታገነፋ ከግቢው መሐል ሆኜ እጮሃለሁ፦

"አማስይው! ይጓጉላል!"

"እያማሰልኩ ነው!"

"ቅቤው አነሰ!"

"ሳታዪው በምን አወቅሽ?"

"ሽታው!"

"አፍንጫሽ ተደፍኖ የለ እንዴ!"

የገመቹ እናት ግን ምን አደረገች መሰላችሁ? ጠዋት ጠዋት ፀሐይ ሲሞቅ ልጅቷን ታቅፋ መስኮቱ ጋ ትመጣለች፣ እኔ አግዳሚው ላይ እቀመጣለሁ፣ ጠቅልላ ከፍ ታደርግልኝና "ኩኖ ብርቄ፣ ይቺውልሽ! ዓይኗ ያንቺ ነው" ትለኛለች። የእኔ ሳይሆን የሷ ቢሆንም እንዲያ ትለኛለች። ያን ጊዜ ቅናቱ ሁሉ ውልቅ ብሎ ወጣልኝ። እንዲህ ያለች ሴት እህቴ ሆና ቀረች።

እና ሳሉ ቀን በቀን ቀነሰ፣ አንድ ሌሊት ሙሉ ሳልስል አደርኩ፣ ሌላም አደርኩ። ጫልቱ መጣች። ደረቴን በዚህ አዳመጠች፣ በዚያ አዳመጠች፣ "ተንፍሺ" አለች፣ ከጉጉቷ የተነሳ አንቺ ብላኝ አረፈችው። ከዚያ ሳቅ አለችና "በሉ እጅዎን ይታጠቡ" አለች። እስከ ክርኔ ታጠብኩ። ደግሜ ታጠብኩ። ደምሴ "ቆዳሽ ሊላጥ ነው" አለኝ፣ ሦስተኛ ታጠብኩ። አቮካዶው ሥር ሰዉ ቆሞ በመስኮቱ ያያል።

ሰናይት ልጇን አንስታ እጄ ላይ አኖረችልኝ። ልጆቼ፣ ምን ልበላችሁ። ሞቃለች። ትንሽ ናት። ጠረኗ የወተት ነው። ያን ሁሉ ቀን የታገስኩት ለዚህ ነው ብዬ ፊቴን ጠጋ አድርጌ ላያት ስል፣ አፍንጫዋን ሸብሸብ፣ ዓይኗን ጭምቅ አደረገችና፣ እንጥሽ! እዚህ ፊቴ ላይ! እኔ አያቷ ባሕር ያህል ሳሙና የጨረስኩላት፣ ማድ ቤት የተሰደድኩላት፣ እሷ ምንም ሳታፍር ፊቴ ላይ አስነጠሰችብኝ!

"ጨቅላ እንዲህ ያደርጋል፣ አፍንጫዋን እያጸዳች ነው፣ አይደንግጡ" አለች ጫልቱ። ማን ደነገጠ! እንባዬም ሳቄም አንድ ላይ መጣና "ይማርሽ!" አልኳት። ግን ማን ይመልሳል? እሷ እንኳን መልስ ልትሰጥ ገና ስም አልወጣላትም።

ያኔ ከመስኮቱ ውጭ፣ ደምሴ፣ ዘይነባ፣ የገመቹ እናት፣ እትዬ አልጋነሽ፣ በርበሬ ተራው በሙሉ፣ ስለሷ ሆነው፣ ባንድ አፍ፦

"ያኑርሽ!"

ይኸው አኖረኝ። ሃ ሃ ሃ! ምን ታለቅሻለሽ ሀዊ? ነይ፣ ነይ ግድ የለም፤ ኧረ አይ፣ እዚያው ሁኚ፣ እዚያው!